ነቀዝ የሚያዳምጥ ማሽን

እኔ ጌጤነሽ እባላለሁ። የቃለአብ እናት ነኝ፣ አምቦ ገበያ እህል ሸጬ ነው የምኖረው። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ስጽፍም ቀስ እላለሁ። ደብዳቤ ስጽፍ መጀመሪያ በደብተር እሞክርና ኋላ በንጹሕ ወረቀት እገለብጣለሁ። ስለዚህ የላክኋቸው ሁሉ በደብተሬ ቀርተዋል። የንዋይም መልሶች ከነፖስታቸው አሉ። እዚህ በየቀናቸው አስቀምጫቸዋለሁ።

ንዋይ የአክስቴ የልጅ ልጅ ነው። ዴንማርክ ውስጥ ኦዴንሴ በምትባል ከተማ ጆሮው ለከበደ ሰው ማዳመጫ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። ልጄ ቃለአብ ደግሞ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ አምስተኛ ዓመት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነበር። ቅዳሜ ጥር 13 ቀን 2009 ዓ.ም. ከጌዶ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ጉደር ሳይደርስ ተገልብጦ ሞተ።

ለንዋይ አልነገርኩትም። በእኛ ዘንድ መርዶ በደብዳቤም በስልክም አይነገርም። ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል፣ ሰውየው ሲወድቅ ደጋፊ ይኖረዋል። የንዋይ እናት የሞተች ጊዜ አንድ ችኩል ዘመድ በስልክ ነገረው። ብቻውን ነበር። አምስት ቀን በሩን ዘግቶ እህል ሳይቀምስ ተኛ፣ ፖሊስ በር ሰብሮ ነው ያወጣው። ያንን የሰማሁ ዕለት፣ ይህ ልጅ ከእንግዲህ ክፉ ወሬ ብቻውን አይሰማም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ታዲያ ለምን ጻፍሽለት ለሚለኝ፣ የቃለአብን ማሽን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረኝ ነው። ብደውል ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ወረቀት መረጥኩ። በጻፍኩት ውስጥ ውሸት የለም። እውነቱም የለም።

*

አምቦ፣ መጋቢት 4 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለማከብርህ ልጄ ለንዋይ

ያሳደገህ አምላክ በሰው አገር ከብርዱም ከክፉውም ይሰውርህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እኔ ተመስገን፣ በእግሬ እቆማለሁ። ገበያው ቀዝቅዟል። ኢንተርኔቱ አንዴ መጣ ሲሉት ይጠፋልና በወረቀት በመጻፌ አትቀየመኝ።

የማስቸግርህ ስለ ማሽኑ ነው። ቃለአብ ከዚህ በፊት ጽፎልህ ነበር። አብራው ከምትማረው ከኤቢሴ ጋር የያዙት የመመረቂያ ሥራ በጆንያ ውስጥ ያለ ነቀዝን በድምፁ የሚለይ መሣሪያ ነው። የዚህ ነገር መነሻ እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ መጋዘን በቆሎ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ዱቄት ሆኖ ጠበቀኝ። እኔ ራሴን ይዤ ስቀመጥ ቃለአብ ጆሮውን ጆንያው ላይ ለጥፎ፣ «እማዬ፣ ይሰማል እኮ! ሲበሉ ይሰማል!» አለኝ። ያን ቀን በጥፊ ልለው ነበር።

ኤቢሴ እንዳስረዳችኝ መሣሪያው ሁለት ፕሮሰሰር አለው። አንደኛው ጆንያው ውስጥ በተቀበረ ማይክሮፎን ይሰማል፣ የሰውንና የነፋስን ድምፅ ያጣራል፣ የተረፈውን ቁጥር አድርጎ በራሱ ማኅደር ያስቀምጣል። ሁለተኛው ደግሞ ሆስት ኢንተርፌስ በሚሉት በር ገብቶ ቁጥሮቹን ይወስድና «ንጹሕ» ወይም «ነቀዝ» ብሎ ይፈርዳል። ለየብቻ ሲሞከሩ ሁለቱም ደህና ናቸው። ሲገናኙ ግን ንጹሑን ነቀዝ ይላል፣ ነቀዙን ንጹሕ ይላል።

መምህራቸው ኦቦ ሌንጂሳ ሥራው ሰኔ 5 ቀን ኮሚቴ ፊት ይቀርባል ብለዋል። እስከዚያ ካልሠራ ኤቢሴ አዲስ ሥራ ትጀምራለች፣ ይኸኛውም የማንም ስም ሳይወጣበት ይቀራል። እኔ ስሙ እንዲወጣ እፈልጋለሁ። ቃለአብ ራሱ ሊጽፍልህ አልሆነለትም፣ ስለ እሱ የምጽፈው እኔ ነኝ። የኤቢሴን ማብራሪያ አራት ገጽ አያይዣለሁ።

ለእኔ ብለህ ሳይሆን ለሥራው ብለህ እየው። እመቤታችን ደጅህን ትጠብቅልህ።

አክስትህ ጌጤነሽ

*

ኦዴንሴ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለክብርት እትዬ ጌጤነሽ

ይህ ሲደርስዎ ፋሲካ ያልፋልና፣ እንኳን ከሁዳዴው ወደ ፍስኩ በሰላም አሸጋገረዎ እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እንቅልፍም ይወስደኛል፣ አይስጉ። በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ካየሁ ስንት ዘመኔ! ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ በቁሜ አነበብኩት። የእናቴ ጊዜ ሰው ሁሉ በስልክ ሲያጽናናኝ ሦስት ገጽ የጻፉልኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ። ያ ደብዳቤ አሁንም አለኝ።

አሁን ወደ ቃለአብ ልምጣ። ምን ነካው ይህ ልጅ? እናቱን ጸሐፊ አድርጎ እሱ ከማን ጋር ነው የሚዞረው? ተቀይሞኝ ከሆነ እውነት አለው። በመስከረም ለላከልኝ ጥያቄ የመለስኩለት በታኅሣሥ ነው፣ እሱንም በአራት መስመር። «ንዋይ ጥፋቱን አምኗል፣ ኩርፊያው ይብቃ» ብለው ይንገሩልኝ።

የኤቢሴን ገጾች አየኋቸው። ንጹሕ አእምሮ ያላት ልጅ ናት። ጥፋቱን በርቀት ለማግኘት ግን ቁጥሮቹን ማየት አለብኝ። ማሽኑ ይሥራና፣ ሁለተኛው ፕሮሰሰር በበሩ የተቀበለውን ቁጥር በቅደም ተከተል ይመዝግቡልኝ። በየመስመሩ አሥራ ስድስት ቁጥር፣ ሠላሳ መስመር ይበቃኛል። አንድም እንዳይዘለል፣ ስሕተት የሚመስለውም እንዳይታረም። የትኛውን እህል እንደምትሞክሩም ይጻፉልኝ።

በዚህ ወር ፋብሪካው ከባድ ሥራ ላይ ነው፣ ቢሆንም ይህን አላዘገይም። አንድ ጊዜ አዘግይቻለሁ።

አክባሪ ልጅዎ ንዋይ

*

አምቦ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለንዋይ

በትንሣኤው የጎበኘን ጌታ አንተንም ባለህበት ይጎብኝህ። ደብዳቤህ በደህና ደረሰኝ። ሁለቴ ነው ያነበብኩት።

ቃለአብ አልተቀየመህም። ስምህን በክፉ ሲያነሳ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። ይህን ከልብህ አውጣው።

ቁጥሮቹን ኤቢሴ በኢሜል ልትልክ ሞከረች፣ አልሄደላትም። «ስጪኝ፣ እኔ ልገልብጠው» አልኳት።

«አዴ ጌጤ፣ አራት መቶ ሰማንያ ቁጥር ነው እኮ!»

«ታዲያ? ሠርግ ተጠርቻለሁ እንዴ?» አልኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ልጅቷ ጠባየ መልካም ናት።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ማስመሪያ እያስቀመጥኩ፣ እያንዳንዱን ቁጥር ጮክ ብዬ እየጠራሁ ጻፍኩ። ገበያ ላይ ጆንያ ስንቆጥር እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ አፍ የጠራውን እጅ አይስትም። ግን አንድ ነገር ያሳፍረኛል። ስምንተኛው መስመር መጨረሻው 41፣ 7፣ 63፣ 12፣ 90 ነው። ዘጠነኛውም መጨረሻው 41፣ 7፣ 63፣ 12፣ 90 ሆኖ አገኘሁት። ዓይኔ መስመር ስቶ ይሆናል ብዬ ማሽኑ ላይ ሄጄ አየሁ፣ እዚያም እንደዚያው ነው። አሥራ አራተኛው ከአሥራ ሦስተኛው ጋር፣ ሃያ ሁለተኛው ከሃያ አንደኛው ጋር እንዲሁ ጭራቸው አንድ ነው። የፊተኞቹ ቁጥሮች ግን ይለያያሉ። አንተ አታርሙ ስላልክ እንዳለ ልኬዋለሁ። እኔ የሳትኩት ነገር ካለ ይቅር በለኝ።

እህሉ በመጀመሪያ ከራሴ መጋዘን ነበር። ኋላ ከጌዶ የመጣ ሁለት ጆንያ በቆሎ አለ፣ አሁን የሚሞከረው እሱ ነው። ቃለአብ ጌዶ የሄደ ጊዜ ከገበያው መሐል ደውሎ በሳቅ አፈነዳኝ። ነጋዴውን «ነቀዝ ያለበት በቆሎ አለህ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም? ሃያ ዓመት ሙሉ የለበትም እያልኩ ስምል ኖሬ፣ ዛሬ አለበት ብዬ ልማልልህ?» አለው። ኋላ ግን ጠራውና በጆሮው፣ «ከጓሮ ና፣ ሰው እንዳያይ» ብሎ ሸጠለት።

ይኸው ነው። ሥራህን ይባርክልህ። ብርድ እንዳይመታህ።

አክስትህ ጌጤነሽ

*

ኦዴንሴ፣ ግንቦት 8 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለክብርት እትዬ ጌጤነሽ

ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። እጅዎ አልሳተም፣ ዓይንዎም አልሳተም። በሽታውን ያገኙት እርስዎ ነዎት። እዚህ ከእኔ ጋር የሚሠሩ መሐንዲሶች ቁጥር በማሽን ተልኮላቸው ቢሆን ሳያዩት ያልፉ ነበር። ቁጭ ብሎ አራት መቶ ሰማንያ ቁጥር በአፉ የሚጠራ ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተሸካሚ ጆንያውን ሚዛን ላይ እየገለበጠ ነው እንበል። ግማሹ ፈስሷል፣ ግማሹ ገና ነው። ጸሐፊው ግን ሳይጠብቅ ሚዛኑን አየና ጻፈ። የጻፈው የአሁኑን ጆንያ አይደለም፣ ያለፈውንም አይደለም። የእናንተም ሁለተኛው ፕሮሰሰር በበሩ የሚገባው አንደኛው ቁጥሮቹን ጽፎ ሳይጨርስ ነው። ከፊት ያሉት ቁጥሮች አዲስ ናቸው፣ ከኋላ ያሉት ያለፈው ዙር ትርፍ ናቸው። ሁልጊዜ አይደለም፣ ሲቀድም ብቻ ነው። ለዚህ ነው አንድ ቀን ልክ፣ አንድ ቀን ስሕተት የሚሆነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንደኛው ጽፎ ሲጨርስ «ጨርሻለሁ» የሚል ምልክት ያቁም። ሁለተኛው ምልክቱን ሳያይ እጁን አይስደድ። ወስዶ ሲጨርስ ደግሞ «ወስጃለሁ» ይበል፣ አንደኛውም ያን ሳያይ አዲስ አይጻፍበት። ለኤቢሴ የሚሆን ሁለት ገጽ አያይዣለሁ። በአንድ ቀን ትጨርሰዋለች።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። በታኅሣሥ ለቃለአብ የመለስኩለት አራት መስመር ምን ይል እንደነበር አልነገርኩዎትም። ባቡር ላይ ነበርኩ። ፕሮግራሙን አልከፈትኩትም። «ጥፋቱ ከእህሉ ይሆናል፣ የአንድ መጋዘን በቆሎ ብቻ ነው የሞከራችሁት። ራቅ ካለ ገበያ ሌላ አምጡና ሞክሩ» ብዬ ላክሁለት። እንዲያ ያልኩት ላለማፈር ነው፣ አላውቅም ማለት ከብዶኝ። የጌዶውን ነጋዴ ነገር ሳነብ መጀመሪያ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ገባኝ። ልጁ ያን ሁሉ መንገድ የሄደው በእኔ ቃል ነው፣ ያውም በከንቱ። እህሉ አንድም ጥፋት አልነበረበትም።

ይቅርታ እንዲያደርግልኝ ይንገሩልኝ። ካልሆነም ይደውልና ይስደበኝ፣ ደስ ይለኛል።

አክባሪ ልጅዎ ንዋይ

*

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ግንቦት 22 ቀን ነው። የኤቢሴን ሁለት ገጽ በዚያው ቀን ሰጠኋት። ከዚያ ለንዋይ መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ከደብተሬ ላይ አምስት ቅጠል ቀድጃለሁ። በእነሱ ላይ የጻፍኩትን እዚህ አልደግመውም።

*

አምቦ፣ ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለንዋይ

ማሽኑ ሠርቷል። ሰኔ 5 ቀን ኮሚቴው ፊት አሥር ጆንያ ቀረበለት፣ አሥሩንም ለየ። ኤቢሴ አልፋለች። የሁለቱም ስም ወጥቷል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። መልስ ያዘገየሁት እጄ ስላልታዘዘልኝ ነው።

ጌጤነሽ

*

ኦዴንሴ፣ ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጌጤነሽ

እንኳን ደስ ያለዎ! ደብዳቤው ሲደርሰኝ ሥራ ቦታ ጮህኩ። አሥር ከአሥር!

ግን እትዬ፣ በደብዳቤዎ ላይ ምርቃት የለም። ከላይም የለም፣ ከታችም የለም። ደጋግሜ አየሁት። ከእናቴ ሌላ የመረቀኝ ሰው ቢኖር እርስዎ ነዎት፣ ስለዚህ ጎደለብኝ። ቃለአብም እስካሁን ዝም ብሏል። ስለ ጌዶው ነገር ስነግርዎ ከልብዎ አዝነውብኝ ከሆነ ይንገሩኝ። በጽሑፍ የሚያልቅ ቅያሜ አይደለም መሰለኝ፣ ስለዚህ ራሴ እመጣለሁ። ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አምቦ ነኝ። አገሬን ካየሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ።

ለቃለአብ የምረቃ ሙሉ ልብስ ገዝቼለታለሁ። ቁመቱ የእኔ ያህል ነው ብዬ በራሴ ለካሁት። ጫማው ግን ቸገረኝ። የእግሩን ቁጥር ይላኩልኝ።

ስልኬን ልቀይር ነው። እስከዚያ አስቸኳይ ነገር ካለ ሞቱማ የሚባል የነቀምቴ ሰው ጎረቤቴ ነው፣ ቁጥሩን ከግርጌ ጽፌዋለሁ። ትልቅ ሰው ነው፣ ቤተሰብ አለው፣ እሑድ እሑድ እነሱ ቤት ነው የምበላው።

አክባሪ ልጅዎ ንዋይ

*

አምቦ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለንዋይ

የአባቶችህ አምላክ ካሰብክበት በሰላም ያድርስህ። ምርቃቱን ያስቀረሁት በክፋት አይደለም። የሚወጣ ቃል አጥቼ ነው።

ጫማ አትግዛ። ልብሱንም አትላክ፣ እዚያው አንተ ጋ ይቆይ።

ሞቱማን በማግኘትህ ደስ ብሎኛል። እሑድ፣ ሐምሌ 16 ቀን፣ ሥራ እንዳትገባ። በማለዳ ቤትህ ሁን። እንግዳ ይመጣብሃል። ስለ እንግዳው አትጠይቀኝ።

አክስትህ ጌጤነሽ

*

ሞቱማን በስልክ ያገኘሁት ይህን በጻፍኩ ማግስት ነው። የሆነውን ሁሉ ስነግረው፣ «አዴ፣ እኔ አባት እሆነዋለሁ፣ ቄስም አመጣለሁ፣ ስድስት ሰው እንሆናለን» አለኝ። እሑድ ንጋት ብለን ተቃጠርን።

ኤቢሴ ይህን አታውቅም ነበር። ንዋይ ዘመድ ስለሆነ ሞቱን ከመጀመሪያው የሰማ መስሏታል። እኔም እንዳትነግሪው አላልኳትም፣ የሚገናኙ አልመሰለኝም። ስላስተማራት ለማመስገን ብላ፣ ኢንተርኔቱ ሲመለስ፣ ሐምሌ 11 ቀን ማክሰኞ የታተመውን ሥራ ላከችለት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የቃለአብ ፎቶ አለ። ከሥሩ የተወለደበትና የሞተበት ቀን አለ። መላኳን በማግስቱ ስትነግረኝ ወዲያው ለሞቱማ ደወልኩ።

*

ኦዴንሴ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

እትዬ ጌጤነሽ

ኤቢሴ የላከችልኝን ገጽ አየሁ። ጥር 13 ይላል።

ከጌዶ ሲመለስ ነው?

ንዋይ

*

አምቦ፣ ነሐሴ 2 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ ለንዋይ

የልጄን ነፍስ የተቀበለ አምላክ ያንተን በሥጋህ ያቆይልኝ። ይህን ደብዳቤ የላክሁት በሞቱማ አድራሻ ነው። እሱ አጠገብህ ተቀምጦ ነው የምታነበው። ሂድልኝ ብትለውም አይሄድም፣ ቃል አስገብቼዋለሁ። እሑድ ሳይጠብቅ ረቡዕ ማታውኑ በርህን እንዳንኳኳ፣ አንተም እንደከፈትክለት ነግሮኛል። ስለከፈትክ እግዚአብሔር ይስጥህ።

ጥያቄህ አጭር ነው። አዎ፣ ከጌዶ ሲመለስ ነው።

ጥያቄህ ከደረሰኝ ወዲህ ሌላ መልስ ሳዘጋጅ ነበር። «የጓደኛው ሠርግ ሄዶ ነው» ብዬ በደብተሬ ጻፍኩ። ደህና አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ የሙሽራውን ስም ሁሉ አውጥቼለት። ወደ ንጹሕ ወረቀት ስገለብጥ ግን ተውኩት። የነጋዴውን ነገር ራሴ ጽፌልሃለሁ፣ በቆሎ ሊገዛ እንደሄደ ታውቃለህ። እኔ ሠርግ ብልህ አንተ አመንኩ ትለኛለህ፣ ሁለታችንም በየቤታችን ስንዋሽ እንኖራለን። አልፈለግሁም።

ግንቦት ላይ ይቅርታህን ሳነብ ጠላሁህ። ይህን እወቀው። ከደብተሬ አምስት ቅጠል የቀደድኩት፣ ብታነበው ኖሮ ብቻህን ሆነህ የማትቋቋመውን ስለጻፍኩ ነው። ባቡር ላይ ተቀምጦ በአራት መስመር ልጄን ላከብኝ አልኩ። ሌላም አልኩ።

ግን ያልነገርኩህ አለ። ራቅ ያለ ገበያ ያልከው አንተ ነህ። ጌዶ ያልኩት እኔ ነኝ። ቃለአብ አዲስ ዓለም ከተማ ልሂድ ብሎ ነበር፣ እዚያ ጓደኛ አለው። እኔ ነኝ፣ «የጌዶ ነጋዴ የከረመ እህል አያጣም፣ እኔ የማውቀው ሰው አለ» ያልኩት። ከጥምቀት ማግስት ድካም አለብኝ፣ ሰኞ ልሂድ አለኝ። «ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ተነስ» አልኩት። ቁርሱን በቁሙ ነው የበላው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴም ሳይቀር። ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ «ምን ሊሠራ ሄዶ ነው?» ሲለኝ፣ «ለትምህርቱ» ብዬ አልፋለሁ።

ጆንያዎቹን ፖሊስ ከሦስት ቀን በኋላ አመጣልኝ። መኪናው እንዳልነበር ሆኖ፣ እነሱ ስፌታቸው እንኳ አልተተረተረም። ልጥላቸው ነበር። ኤቢሴ መጥታ፣ «አዴ፣ እሱ ያመጣው ነው፣ በሱ ካልሞከርኩ በምን ልሞክር?» አለች። ኮሚቴው ፊት ከቀረቡት አሥር ጆንያዎች ሁለቱ እነዚያ ነበሩ። ማይክሮፎኑ ሲገባባቸው ማሽኑ ወዲያው ነቀዝ አለ። ኦቦ ሌንጂሳ ተነስተው ቆሙ፣ ሌሎቹም ቆሙ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። መነሳት አቃተኝ። አሁን ሁለቱን ጆንያ አቃጥያቸዋለሁ።

ጥፋት የለብህም አልልህም። ለእኔም ማንም እንዲለኝ አልፈልግም። ሰው ሁሉ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ይለኛል፣ አሜን እላለሁ፣ ሲሄዱ ግን ያ ቅዳሜ ጠዋት ይመለሳል። ያን ጠዋት የማወራለት ሰው የለኝም። ካንተ በቀር ማን ይገባዋል?

ሞቱማ መምጣቱን ትተኸዋል አለኝ። ፈቃድህን ልትመልስ ነው አሉ። አትመልስ። ና። ልብሱንም ይዘህ ና፣ ለአንድ የደሃ ልጅ ተመራቂ እንሰጠዋለን፣ ኤቢሴ ታውቃለች። አዲስ አበባ ስትደርስ ብቻህን አትሳፈር፣ ሞቱማ ወንድሙን ወደ አየር ማረፊያ ይልካል።

ቤቱን ታውቀዋለህ፣ ከእህል በረንዳው በስተጀርባ ያለው ነው። አጥሩ ቆርቆሮ ሆኗል። ስትደርስ እንደ እንግዳ በሩን ቀስ ብለህ ከፍተህ፣ እጅ ነስተህ፣ ጥግ ይዘህ እንዳትቀመጥብኝ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው እንደሚያደርገው አድርግ። ከመንገዱ ጀምረህ ስሙን ጥራ፣ ጎረቤት ይስማ፣ ምን ይሉኛል አትበል። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማሃለሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ እወጣለሁ።

አክስትህ ጌጤነሽ